ከመዝገብ ቤት ጀምሩ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አራት ኪሎ ማኪያቶዬን ይዤ እቀመጣለሁ። አጠገቤ የሚሰበሰቡት ብዙ ጊዜ ተማሪዎች ናቸው። «ስዊድን እኮ እንዲህ አላት፣ እኛ ግን…» ሲሉ ጆሮዬ ይቆማል። ሠላሳ ዓመት ቢሮ የከረመ ሰው ምን ያድርግ?

ልጆቼ፣ የአገሮችን አስተዳደር ስታወዳድሩ ከመዋቅሩ ሥዕል አትነሡ። ሣጥንና ቀስቱ የትም አገር ያምራል። ከመዝገብ ቤት ጀምሩ። አንድ ባለጉዳይ ማመልከቻ ካስገባ በኋላ ፋይሉ የት ይተኛል? ማን ገልጦ ያየዋል?

ስለ ስዊድን ሲወራ እ.ኤ.አ. በ1809 የመጣው እንባ ጠባቂ፣ ማለትም በመንግሥት ቢሮ የተበደለ ሰው አቤት የሚልበት ተቋም፣ አይቀርም። የ1766ቱ ሕግ ግን ይረሳል። ያ ሕግ ማንም ሰው የመንግሥትን ሰነድ እንዲያይ ፈቀደ። ንጉሡ ብዙ ሳይቆዩ አጠበቡት፤ በኋላ ተመለሰ። ዛሬ እዚያ ሰነድ የሚጠይቅ ሰው በአብዛኛው «ለምን ፈለግኸው?» እንኳን አይባልም። ስለዚህ አቤት የሚለው ሰው ማስረጃው እጁ ላይ ነው።

እኛ ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው። እንባ ጠባቂው በአዋጅ 211/1992 መጣ። ሰነድ የመጠየቅ መብት በዝርዝር የተደነገገው ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በአዋጅ 590/2000 ነው። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥም ያዛል። ወረቀቱ ላይ አሪፍ ነው።

አሁን የራሴን ልናገር። በነበርኩበት መሥሪያ ቤት አንዲት እናት ለአንድ ፋይል ስምንት ወር ተመላለሱ። ፋይሉ አልጠፋም ነበር። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ሌላ ክፍል ሲዛወር የቁጥሩን ደብተር መሳቢያው ውስጥ ቆልፎበት ሄዷል። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር። ሰውዬው ከእኛ አንድ ፎቅ በላይ ነው የሚሠራው! እናቲቱን «ነገ ይምጡ» ስንል ከከረምነው አንዱ እኔ ነኝ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

ለዚህ ነው ኢስቶኒያ የምትገርመኝ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የቢሮዎቿን መረጃ በአንድ መረብ አገናኝታለች። ሁሉም የሚያደንቀው ፍጥነቱን ነው። እኔ የምቀናው በሌላ ነው፤ ዜጋው ገብቶ መረጃውን የትኛው መሥሪያ ቤት እንደከፈተው ያያል።

የመመረቂያ ጽሑፍ የምትጀምሩ ካላችሁ፣ ሰንጠረዡ ይቆይ። አንድ ሙሉ ቀን የአንዱ ቢሮ መዝገብ ቤት በር ላይ ቁሙ። «ነገ ና» የተባለውን ቁጠሩ። ደብተሩን ማን እንደሚይዘው ጠይቁ። ታዲያ በጠዋት ሂዱ፤ ከምሳ በኋላ ስብሰባ ነው።