ቆሞ የኖረ ሞተር ወይስ ሲሠራ የኖረ?

የሞተር ጥያቄዎቻችሁ፣ ከኮምቦልቻ ጋራዥ መልስ

ጥያቄ፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ፣ ሮቢት ነው የምኖረው፤ 46 ዓመቴ ነው። በወጣትነቴ ኩታበር ላይ በግብርና ሥራ ስድስት ዓመት ያማሃ ኤጂ 100 ነድቻለሁ። ከዚያ ቢሮ ገባሁ፣ ትዳር መጣ፣ ሞተር ተረሳ። ይኸው 17 ዓመት ሆነኝ። አሁን ልጆቹ አድገዋል፤ ለራሴ አንድ ክሩዘር፣ ያ መቀመጫው ዝቅ ያለ ትልቅ ሞተር፣ ልግዛ ብዬ ሁለት አግኝቻለሁ። አንዱ ኮምቦልቻ ያለ ያማሃ ቪ ስታር 650 ነው። የሄደው 11 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። አምስት ዓመት መጋዘን ውስጥ ተሸፍኖ ቆሟል፤ ኒኬሉ ፊት ያሳያል። ሌላው እዚሁ ደሴ ያለ ያማሃ ቪራጎ 535 ነው። 61 ሺህ ሄዷል፣ ታንከሩ ተፍቋል። ባለቤቱ በየቀኑ ለሥራ ሐይቅ ይመላለስበታል። ቪ ስታሩ በ80 ሺህ ብር ይበልጣል። ደላላው ‹አዲስ በለው› ይለኛል። ባለቤቴ ሁለቱንም አልወደደችም። የቱን ልግዛ?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ወደ ሞተር ተመለስክ። የማስበውን ሳልደብቅ አስቀድሜ ልንገርህ። ሐይቅ የሚመላለሰውን ሄደህ እየው።

ደላላው ያሳየህ ኪሎ ሜትሩን ነው። እኔ ግን 31 ዓመት ሞተር ስፈታ ስገጥም ያየሁት፣ ሞተርን ከመንገዱ ይልቅ መቆሙ ሲገድለው ነው። ባለፈው ክረምት አራት ዓመት የቆመ ሞተር መጣልኝ። ባለቤቱ «አንድ ቀን ብቻ ነው የሚፈልገው፣ አስነሣልኝ» አለኝ። የካርቡራተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ) የታች ጽዋ ስፈታው ቤንዚን የሚባል ነገር የለም። ታች ላይ እንደ ደረቀ ማር ያለ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነገር ተጣብቋል፤ ሽታው የቆየ ቫርኒሽ ነው። በሚኒሞ (ጋዝ ሳትሰጠው ሲሠራ) ጊዜ ቤንዚን የምታሳልፈው የናስ ቀዳዳ ደግሞ በጣም ቀጭን መርፌ ብቻ ነው የሚገባባት። እሷ ከተደፈነች ሞተሩ ወይ አይነሣም፣ ወይ በቾክ (በብርድ ማስነሻ ቤንዚን በሚያበዛው መሳቢያ) ብቻ ይሠራል። ያንን ሞተር ለማስተካከል ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ቪ ስታሩ ሁለት ካርቡራተር ነው ያለው። አምስት ዓመት ሲቆም ቤንዚኑ ከውስጡ ወጥቶለት ከሆነ ጠይቅ። «እንጃ» ካሉህ አልወጣም ማለት ነው።

ካርቡራተር ይታጠባል። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ፍሬኑና ጎማው ነው። የምልህ ከራሴ ስለደረሰብኝ ነው።

በ1994 ዓ.ም. እንዲሁ አራት ዓመት መጋዘን የቆመ ቪራጎ ገዛሁ። ያንተው ዓይነት ነው፣ ኒኬሉ ያብረቀርቃል። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ አንድ ሳምንት ነዳሁት፤ ደስ አለኝ። እሁድ ጠዋት ደሴ ወጣሁ። ከሰዓት ስመለስ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ አንድ ተሳቢ ከፊቴ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ እኔም ከኋላው ፍሬን እየያዝኩ፣ እየለቀቅኩ ወረድኩ። አንድ ጥምዝ ላይ በቀኝ እጄ የምስበው የፊት ፍሬን መያዣ ላላ። ደግሜ ሳብኩት፤ መሪው ድረስ መጣ። ጣቶቼ ተጨብጠዋል፣ ሞተሩ ግን ይሄዳል። ማርሹን ሁለት ጊዜ መትቼ አወረድኩት። የኋላ ጎማው ተንሸራተተ። ወደ ተራራው በኩል አዙሬ ቦዩ ውስጥ ገባሁ። በሌላኛው በኩል ገደል ነበር። የግራ ጉልበቴ ተጎዳ፤ ሁለት ወር ቤት ተቀመጥኩ።

ምክንያቱን በኋላ ፈትቼ አየሁት። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ሞተሩ ቆሞም ቢሆን ይጠጣል። ፍሬኑ ሲግል ያ ውኃ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ ስለዚህ መያዣው ይገባል፣ የፍሬን ሸራው ግን ዲስኩን አይጫንም። ንጹሕ የፍሬን ዘይት የሎሚ ሻይ ይመስላል። የእኔው ቡና መስሎ ነበር። ቪ ስታሩን ለማየት ከሄድክ መሪው ላይ ያለውን የፍሬን ዘይት ዕቃ፣ ዘይቱ የሚታይባትን ትንሿን የመስተዋት መስኮት እያት። ቡናማ ከሆነ ከመንዳትህ በፊት ይቀየር፤ «ትንሽ ልሞክረው» እንዳትል።

ጎማውም እንዲሁ ነው። የኋላ ጎማዬ ጥርሱ ሙሉ ነበር። ግን ደርቆ እንደ እንጨት ሆኖ ነበር። የጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥሮች በሞላላ ክብ ውስጥ ታገኛለህ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግሩሃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዓመቱ የፈረንጅ ነው። 1415 የሚል ካየህ የ2015 እ.ኤ.አ. 14ኛ ሳምንት ነው፤ በእኛ መጋቢት 2007 ማለት ነው። ሻጩ «የ2015 ጎማ ነው» ሲልህ በእኛ አቆጣጠር ሰምተህ ጎማው አዲስ ይመስልሃል። ሰባት ዓመት ያለፈውን ጎማ ጥርሱን ሳታይ ቀይረው።

ጎማ ካነሣን አይቀር፣ ሁለቱም ሞተሮች የኋላ ጎማቸው 15 ኢንች ነው። በየመንገዱ የምታየው ባጃጅ ቦክሰር ሞተር ግን 17 ነው። ስለዚህ መንገድ ዳር ገብተህ የምትገዛው ጎማ ለነዚህ አይሆንም። ከአዲስ አበባ ነው የምታስመጣው፣ ያውም ተፈልጎ። ሞተሩን ከመግዛትህ በፊት የኋላ ጎማ የሚያመጣልህን ሰው አግኝ።

አሁን ቪራጎውን እንየው። መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ሁለቱ ሞተሮች ዘመዳሞች ናቸው። የቪ ስታር 650 ሞተር ከቪራጎ 535 የወጣ ነው፤ አስፍተው ነው 649 ሲሲ ያደረጉት። ሁለቱም በአየር የሚቀዘቅዙ ባለ ሁለት ሲሊንደር ናቸው። ሁለቱም ሰንሰለት የላቸውም፣ በሻፍት (በሚሽከረከር የብረት ዘንግ) ነው የሚሄዱት። ለእኛ አቧራ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወረቀት ላይ «ድራግ ስታር» የሚል ካየህም አትደንግጥ፤ ቪ ስታሩ በሌላ አገር የተሸጠበት ስሙ ነው። መለዋወጫ ሲላክልህ በሁለቱም ስም አስፈልግ።

61 ሺህ ኪሎ ሜትር አያስፈራህ። ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረ ይህ ሞተር 100 ሺህ ያልፋል። ግን ሄደህ በእጅህ እየው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሂድ፣ ባለቤቱ ሥራ ሳይወጣ። የደሴ ብርድ እዚህ ይጠቅምሃል። ስትደርስ ምንም ሳትናገር መዳፍህን ሲሊንደሩ ላይ አሳርፍ። በረዶ መሆን አለበት። ሞቅ ካለ ቀድሞ አስነሥቶታል፤ በብርድ የማይነሣ ሞተር የሚደበቀው እንደዚያ ነው። «ነገ እመለሳለሁ» በል፤ በማግሥቱ ሳትደውል ሂድ።

ቀዝቃዛ ከሆነ በቾክ ይነሣ። ኤጂው በእግር የሚመታ ማስነሻ ነበረው፤ እነዚህ የላቸውም። ባትሪ ከሌለ ገፍቶ ማስነሣት ብቻ ነው። ስለዚህ ቮልቱን ለካ። ቆሞ 12.6 ገደማ፣ ሞተሩ ጋዝ ሲሰጠው ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ጭሱን ከኋላ ቆመህ እይ። ሰማያዊ ጭስ ከሆነ ዘይት ይበላል፣ ተወው። ጥቁር ጭስ ግን ደሴ ላይ ሌላ ትርጉም አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ኃይሉም በሩብ ያህል ይቀንሳል። መካኒክ ያስተካክለዋል፤ ለዋጋ መደራደሪያ ያዘው እንጂ አትሽሽ።

ከዚያ የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሥታችሁ መሪውን በቀስታ ከዳር እዳር አዙረው። መሐል ላይ ሲደርስ ቅርቀፍ ብሎ ከያዘህ የመሪው ኩሽኔታ አልቋል። የፊት አሞርዛተሩን በንጹሕ ጨርቅ ጠርገህ አምስት ጊዜ ወደ ታች ተጫነው። ዘይት ካሳየ ፓራኦሊዮው (ዘይት የሚይዘው ጎሚኒ) ይቀየራል። ሻፍቱ ኋላ ጎማው ጋ የራሱ ዘይት አለው። ብሎኑን አስፈትተህ ጣትህን ንከር። በጣት የሚዳሰስ የብረት ስብርባሪ ካለበት ሌላ ሞተር ፈልግ።

ወረቀቱን በአጭሩ ልለፈው። መሪው አንገት ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር በእጅህ ጠርገህ ከሊብሬው ጋር አስተያይ። የሞተር ቁጥሩንም እንዲሁ። ቪ ስታሩን የእርዳታ ድርጅት ሰው ያመጣው ከሆነ ቀረጥ መከፈሉን አረጋግጥ፤ ያለ ቀረጥ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርልህም። እዳና እገዳ ሳይጣራ ገንዘብ አትስጥ። ያንተም የሞተር መንጃ ፈቃድ 17 ዓመት ሳትነዳበት ቆይቷል፤ እድሳቱን ጠይቀህ ቀድመህ ጨርስ።

አሁን ስላንተ። ኤጂው ሁለት ምት ነበር፣ መቶ ኪሎ ገደማ። ጋዝ ስትለቅ ሞተሩ እምብዛም አይዝህም ነበር፤ ቁልቁለቱን በፍሬን ነበር የምትወርደው። እነዚህ አራት ምት ናቸው። ጋዝ ስትለቅ ራሱ ሞተሩ ይይዝሃል። ሐረጎን ስትወርድ ገና ከላይ ሦስተኛ ማርሽ ያዝ፣ ሞተሩ ይሥራልህ፤ ፍሬኑን ለጥምዙ አቆየው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ።

ደግሞ ገጠር ላይ «የፊቱን ፍሬን አትንካ፣ ይጥልሃል» ተብለህ ተምረህ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነው የተማርኩት። ለፒስታ (ለጠጠር መንገድ) በኃይል እንዳትስበው ይጠቅማል። አስፋልት ላይ ግን የሚያቆምህ በአብዛኛው የፊቱ ነው፤ የኋላው ረዳት ነው። እጅህ ይህን እስኪለምድ ጊዜ ስጠው። ሰው የሌለበት ሜዳ ፈልገህ ሁለት ሦስት እሁድ ከ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መቆም ተለማመድ። ቀስ አድርገህ ሳብ፣ ከዚያ ጨምር። ቪ ስታሩ ተሞልቶ ከ220 ኪሎ በላይ ነው፤ ቪራጎው ቀለል ይላል። ፒያሳ ላይ ባጃጅ ድንገት ሲቆምብህ ያ ልዩነት በእግርህ ይታወቅሃል። ክሩዘር ይዘህ ኩታበር እንደ ድሮው እገባለሁ ካልክ ግን ተወው። እግርህ ወደፊት ተዘርግቶ ስለሆነ ጉድጓድ ላይ ከመቀመጫው ተነሥተህ በእግርህ መቆም አትችልም። የኋላ አሞርዛተሩም አጭር ነው፤ ወገብህን ይመታሃል።

ባለቤትህ አልወደደችም አልከኝ። እሷን አዳምጣት። ሞተሩን ሳትገዛ በፊት ለሁለታችሁም በልካችሁ ሄልሜት ግዛ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ግን ሰው አትጫን። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጉም ሲገፈፍ፣ ሐይቅ ድረስ ውሰዳት። ዓሣ በልታችሁ ተመለሱ።

ቪ ስታሩን ልቤ አልለቀውም ካልክ ዋጋው ይውረድ። ሁለት ጎማ፣ ባትሪ፣ የፍሬን ዘይትና ጎማ ቱቦው፣ የካርቡራተር እጥበት፤ ይህን ሁሉ ከቪ ስታሩ ዋጋ ጋር ደምረህ ከቪራጎው ዋጋ በታች ከሆነ ብቻ ግዛ።

ጥያቄ፦

«ኮምቦልቻ ነርስ ነኝ። ለክትባት ዘመቻ ያማሃ ዲቲ 125 እነዳ ነበር። ልጆች ስወልድ ተውኩት፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ56 ነው። ‹ክሩዘር ላንቺ ይከብዳል› ይሉኛል። እውነት ነው?»

መልስ፦

እህቴ፣ በዲቲ ገጠር ለገጠር ክትባት ያደረስሽ ሰው ይህን አትፍሪ። ዲቲው ከክሩዘር ይልቅ ላንቺ ያስቸግር ነበር፣ መቀመጫው ከፍ ያለ ስለሆነ። ክሩዘር መቀመጫው 70 ሳንቲ ገደማ ነው፤ ሁለቱም እግርሽ ሙሉ መሬት ይረግጣል። የሚከብደው ሲነዳ ሳይሆን ሲገፋና ሲቆም ነው። ለመመለሻ ባጃጅ አቬንጀር 220 ብታገኚ ደስ ይለኛል። 160 ኪሎ ገደማ ነው፣ ሕንድ ሠራሽ ስለሆነም መለዋወጫው ከጃፓኖቹ ይቀላል። ሰንሰለቱን ግን በየሳምንቱ ቅቢው።

ከወደቀብሽ በእጅ ጉልበት አታንሺው። ሞተሩን አጥፊ። በቀኝ ጎኑ ከወደቀ መጀመሪያ የማቆሚያ እግሩን አውጪ። ጀርባሽን ስጪው፤ መቀመጫሽን ከሞተሩ መቀመጫ ጠርዝ ጋር አስደግፊ። በአንድ እጅ መሪውን፣ በሌላው ጠንካራ ብረት ያዢ፤ ከዚያ በትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ በእግርሽ ግፊው። ወገብሽ ቀጥ ይበል። ቁልቁለት ላይ ስታቆሚም አፍንጫውን ወደ ዳገቱ አድርጊ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብተሽ ውረጂ። አለዚያ ስትመለሺ ወደ ኋላ ለመጎተት ሰው ትለምኛለሽ።