ግኑካሽን ፖስትግሬስ ላይ ብታስቀምጠውም ለሦስት ሰው የማይሆነው ለምንድን ነው?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። አዘዞ ያለው የጅምላ መደብራችሁ ግኑካሽ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የሚይዘውን መዝገብ ከኤክስኤምኤል ፋይል ወደ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ አዛውሯል። ሁለተኛዋ ሒሳብ ሠራተኛ ስትከፍተው ግን ሌላ ሰው ይዞታል የሚል መልእክት ይመጣባታል። አንተም ኮድ መጻፍ ስለምትችል መቆለፊያውን አውጥተህ ሦስት ሰው አንድ ላይ እንዲሠራበት ልታደርግ አስበህ ከየት እንደምትጀምር ጠየቅህ።

ከመቆለፊያው ብቻ አትጀምር። እኔ ኮዱን ሳልነካ መቆለፊያውን አልፌው ያየሁትን ልንገርህ።

አራዳ አካባቢ ላለ አንድ የእህልና የዘይት አከፋፋይ ሒሳብ እይዝ ነበር። በገናና በጥምቀት መካከል ጎንደር እንዴት እንደምትሆን ታውቃለህ፤ ከየወረዳው የመጣ ቸርቻሪ ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ይሰለፋል፣ ለአንድ መዝጋቢ አይቻልም። መልእክቱ ሲመጣ «ለማንኛውም ክፈት» የሚለውን ተጫንኩና እኔ በአንዱ ላፕቶፕ፣ ባልደረባዬ በሌላው ሥራ ጀመርን። ሁለት ቀን ሰላም ነበር። በሦስተኛው ቀን አንድ የኮላድባ ደንበኛችን ዕዳቸውን ሊከፍሉ መጡ። በእጃቸው ያለው ደረሰኝ 14,800 ብር ይላል፣ የእኛ መዝገብ 18,400። መጀመሪያ በስህተት 18,400 ተብሎ የገባውን ቀደም ባለው ቀን በገዛ እጄ አርሜዋለሁ! ሰውየው ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ዝም አሉ። ለዓመታት በቃል ብቻ ተማምነን የሠራን ሰዎች ነን፤ ያን ዝምታ ዛሬም አልረሳሁትም።

የሆነው ይህ ነው። ግኑካሽ ሲከፈት መዝገቡን በሙሉ ከዳታቤዙ ቀድቶ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ውስጥ ያስገባል። ከዚያ በኋላ የምታየውም የምታርመውም ያን ቅጂ ነው። ከ2.4 እትሙ ጀምሮ፣ ማለትም በፈረንጆቹ 2010 መጨረሻ፣ በኤስኪውላይት፣ በማይኤስኪውኤልና በፖስትግሬስ ዳታቤዞች ማስቀመጥ ይችላል፤ ነገር ግን ዳታቤዙ ለእሱ ጎተራ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚገናኝበት ገበያ አይደለም። የባልደረባዬ ቅጂ እኔ ከማረሜ በፊት የተቀዳ ነበር። እሷ ብሩን አልነካችም፤ ማብራሪያው ላይ የመኪናውን ታርጋ ብቻ ጨመረች። ፕሮግራሙ ግን ሲያስቀምጥ የሚጽፈው ከራሱ ቅጂ ነው፤ ሌላ ሰው በመካከል መለወጡን አይፈትሽም። የእኔ እርማት በእሷ አሮጌ ቁጥር ተተካ፣ አንድም ማስጠንቀቂያ አልመጣም። በዚያው ሳምንት ሁለት ኢንቮይስ በአንድ ቁጥር ወጥቶ አገኘን፤ ቆጣሪውም ከየራሳችን ቅጂ ነበርና የሚነበበው።

ስለዚህ በዳታቤዙ ውስጥ መቆለፊያውን የሚይዘው ጂኤንሲሎክ የሚባለው ሠንጠረዥ የሚያስቸግርህ ጠላት እንዳይመስልህ። ከእንዲህ ያለው ጥፋት የሚጠብቅህ እሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ኮዱ እንግባ፤ ሐሳብህን ስለወደድኩት በዝርዝር ልጽፍልህ። መጀመሪያ የምትወስነው ሁለት ሰው ሊጋጭበት የሚችለው አሃድ ምን እንደሆነ ነው። በሒሳብ ሥራ መልሱ ግልጽ ነው፤ አንድ ግብይት ከነዴቢቱና ከነክሬዲቱ አንድ አካል ነው። በግኑካሽ ሠንጠረዦች ግብይቱ በአንዱ፣ መስመሮቹ በሌላው ይቀመጣሉ፤ የመስመሮቹ ድምር ዜሮ መሆን አለበት። አንዱን መስመር አንድ ሰው፣ ሌላውን ሌላ ሰው እንዲያርም ከፈቀድክ ሁለቱም ትክክል ሠርተው መዝገቡ ሊዛባ ይችላል። እንግዲህ ጥበቃው ግብይቱ ላይ ይሁን።

እኔ የምመርጠው መንገድ ግብይቱ ላይ የእትም ቁጥር መጨመር ነው። ስታነበው እትሙ 7 ከነበረ፣ ስትጽፍ «እትሙ አሁንም 7 ከሆነ ጻፍና 8 አድርገው» ትላለህ። ዳታቤዙ ዜሮ ረድፍ ተለወጠ ካለህ ሌላ ሰው ቀድሞሃል ማለት ነው፤ ያኔ የእሱን አሳይተህ ተጠቃሚው ራሱ ይወስን። ረድፉን ከመጀመሪያው ቆልፎ መያዝም ይቻላል፣ ግን ገንዘብ ያዧ መስኮቱን ከፍታ ምሳ ከሄደች ሁሉም ይቆማል። የግብይቱና የመስመሮቹ ጽሑፍ ደግሞ በአንድ የዳታቤዝ ኮሚት (ወይ ሁሉም የሚጻፍበት፣ ወይ ምንም የማይጻፍበት) ውስጥ ይግባ። እኛ አገር መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም፤ ዴቢቱ ገብቶ ክሬዲቱ የቀረበት መዝገብ ለማንም አልመኝም።

የደረሰኝ ቁጥር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ተራ ቁጥር በራሱ የሚሰጠው የፖስትግሬስ ሲኩዌንስ ቀላል ስለሆነ እሱን ይጠቀማሉ፤ ነገር ግን ሥራው ከመሐል ሲቋረጥ የተሰጠው ቁጥር አይመለስም፣ ቁጥር ይዘላል። ኦዲተር 341ን አይቶ 343 ሲያገኝ 342 የታለ ብሎ ይጠይቅሃል። ለደረሰኝ አንድ ረድፍ ያለው የቆጣሪ ሠንጠረዥ ሥራ፤ ረድፉን «ፎር አፕዴት» በሚለው ትእዛዝ ቆልፍ፣ ቁጥሩን ውሰድ፣ ኢንቮይሱንም በዚያው ኮሚት ጻፍ። ሌላው ሰው ለቅጽበት ይጠብቃል፣ ቁጥሩ ግን አይደገምም፣ አይዘልምም።

ከባዱ የሚቀረው ራም ውስጥ ያለው ቅጂ ነው። ሌላ ሰው የለወጠውን በየማሽኑ ማደስ አለብህ። ፖስትግሬስ «ሊስን» እና «ኖቲፋይ» የሚባሉ ትእዛዞች ስላሉት ለውጡን ማሳወቅ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ በተከፈተ መስኮት፣ በተጀመረ እርማት፣ በተሠራ ሪፖርት መካከል መረጃው ከሥሩ ሲለወጥ እንዲችለው ማድረግ ግን የወራት ሥራ ነው፤ ሲና ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባሉ የኮድ ቋንቋዎች የተቀላቀሉበት ብዙ ዓመት የተከማቸ ኮድ ነው። የመለያ ቀሪ ሒሳቡም እንደዚያው፤ ከቅጂው ላይ መደመሩን ትቶ ከዳታቤዙ መጠየቅ ይኖርበታል። ልትገባበት ከሆነ አስቀድመህ ከአዘጋጆቹ ጋር ተነጋገር፤ ብቻህን የኮዱን የራስህ ቅጂ አውጥተህ ብትሠራ በየአዲሱ እትም ስታዋህድ ትኖራለህ።

ሠንጠረዦቹን በቀጥታ ስታይ ሁለት ነገር እንዳያስደነግጥህ። ብሩ በሁለት ሙሉ ቁጥር ነው የሚቀመጠው፤ 14,800 ብር 1480000 በላይ፣ 100 በታች ሆኖ ታገኘዋለህ። በጣም ጥሩ አሠራር ነው፣ ሳንቲም አይጠፋም፤ ወደ ፍሎት (ግምታዊ ነጥብ ያለው ቁጥር) እንዳትቀይረው። የግብይቱ ቀን ላይም ሰዓቱ 10:59 ሆኖ ይታያል። የሰዓት ክልል ሲለያይ ቀኑ ወደ ትናንት ወይም ወደ ነገ እንዳይንሸራተት ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ለሚሄደው የበጀት ዓመታችን ሪፖርት ስታወጣ መነሻና መድረሻውን ራስህ ትሰጠዋለህ።

ለእናንተ ለሦስት ሰው ግን ዛሬ የምመክረው ሌላ ነው፤ ከዚያ የጥምቀት ሰሞን በኋላ እኛም የሠራነው እሱን ነው። በዚያው ሰርቨር ላይ ከግኑካሽ የተለየ ዳታቤዝ ከፈትን። ገንዘብ ያዦቹ በብራውዘር በሚከፈት ቀላል ቅጽ ሽያጩን እዚያ ያስገባሉ፤ እያንዳንዱ ረድፍ ማን እንዳስገባውና መቼ እንደገባ ይይዛል። ማታ ሱቁ ሲዘጋ ዋናዋ ሒሳብ ሠራተኛ የቀኑን በሲኤስቪ (ተራ የሠንጠረዥ ፋይል) አውጥታ፣ ከካሽ ጋር አስታርቃ፣ ወደ ግኑካሽ ታስገባዋለች። የገባው ረድፍ ምልክት ስለሚደረግበት ሁለት ጊዜ አይገባም። በግኑካሽ ላይ የሚጽፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። ባለቤቱ ሪፖርት ሲፈልጉ የማንበብ ፈቃድ ብቻ ባለው የፖስትግሬስ ተጠቃሚ በኤስኪውኤል እናወጣላቸዋለን። ቀሪ ሒሳቡ በአንድ ቀን ይዘገያል፣ እሱ እውነት ነው። ለእህል ንግድ ግን አንድ ቀን ይቻላል፤ የተሳሳተ ዕዳ አይቻልም።

ኤስኪውላይቱን በኔትወርክ በተጋራ ፎልደር ላይ አስቀምጠው ያሉህን አትስማ። በአንድ ጊዜ አንድ ጸሐፊ ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ በኔትወርክ ፎልደር ላይ የፋይል መቆለፊያው በትክክል ካልሠራ ደግሞ ፋይሉ ራሱ ሊበላሽ ይችላል።

ቅርንጫፍ ከፍታችሁ አምስት ስድስት መዝጋቢ ከሆናችሁ ግን ግኑካሽን ከመጠገን ከመጀመሪያው ለብዙ ሰው ወደተሠራ ብትዛወሩ ይሻላል። ሌጀርኤስኤምቢ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራው ፖስትግሬስ ላይ ነው፣ እያንዳንዱ ሠራተኛም የዳታቤዙ ተጠቃሚ ሆኖ ይገባል። ኢአርፒኔክስትም አለ፣ ሰፋ ያለ ነው፤ መጋዘንንም ስለሚይዝ ለጅምላ ሥራ ይመቻል፣ መማሩ ግን ጊዜ ይወስዳል።

ኮዱን እሞክራለሁ ካልክ በእውነተኛው መዝገብ ላይ እንዳታደርገው፤ ባክአፕ አውጥተህ በሌላ ስም መልሰው። ከዚያ በሁለት ማሽን አንድ ግብይት ክፈት። በአንዱ ብሩን፣ በሌላው ማብራሪያውን ለውጥ፣ ሁለቱንም አስቀምጥና ዳታቤዙ ውስጥ የቀረውን እይ። ቀጥሎ በአንድ ጊዜ ከሁለቱም ሃምሳ ሃምሳ ኢንቮይስ አውጣና ቁጥሮቹን ቁጠር። በመጨረሻ ባለ ብዙ መስመር ግብይት በመጻፍ ላይ ሳለ የሰርቨሩን ገመድ ንቀል፤ መልሰህ ስታበራው ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል ከሆነ ውጤቱን እዚህ ጻፍልን፣ እኔም አብሬህ እሞክረዋለሁ።