«ደንበኛ አክባሪ» ተብሎ ነጥብ አይሰጥም

እህታችን 120 ሠራተኛ ላለው የብድርና ቁጠባ ተቋም ለሠራተኛውም ለኃላፊውም የሚሆን 24 መመዘኛ ያለው የሥራ ምዘና ቅጽ አግኝታ «ይበቃል ወይ?» ብላ ለጠየቀችው፦ ይበዛል። እንዲህ ያለ ቅጽ የሚሞላ አለቃ ከሰባተኛው በኋላ አያነብም፤ ቁልቁል ከፍተኛውን ነጥብ «4»ን እየደረደረ ይወርዳል። ለሠራተኛ 5 ወይም 6፣ ለኃላፊ በዚያ ላይ 3 ይበቃል።

ዋናው ጣጣ ግን ቃሉ ነው። «ታታሪ»፣ «ደንበኛ አክባሪ» በዓይን አይታይም። የብድር ሠራተኛን እንውሰድ። ማክበሩ ወደ ተግባር ሲወርድ «ማስረጃ ለጎደለው ብድር ጠያቂ የጎደለውን ሁሉ በአንዴ ጽፎ ይሰጣል» ይሆናል። ሰውዬው የታደሰ ንግድ ፈቃድ ይዞ ሲመለስ «ያላገባ ማስረጃም ያስፈልጋል» ከተባለ፣ ሠራተኛው የቱንም ያህል ፈገግ ቢል ነጥቡን አያገኝም። ከፍ ባለ የሥራ ደረጃ ያለው ሠራተኛ ደግሞ ሰው ደጋግሞ የሚረሳውን ለይቶ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ኃላፊው ጋ ሲደርስ ሥራው ራሱ ሌላ ነው፤ ደንበኛ ሁለቴ የተመላለሰባቸውን ፋይሎች በየሳምንቱ ያያል፣ ስህተቱን ለሠራተኛው ለብቻው ይነግረዋል። ብዙ ቦታ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የሠራተኛውን ዓረፍተ ነገር ገልብጠው «እጅግ በጣም» ይጨምሩበትና የኃላፊ ያደርጉታል።

የመመዘኛ ዓረፍተ ነገሮቹን ከኢንተርኔት አትቅዱ። ከየሥራ ዘርፉ ከ6 እስከ 8 ሰው ለየብቻ አነጋግሩ፤ ግማሹ ጎበዝ፣ ግማሹ መካከለኛ ይሁን። «ጥሩ ሠራተኛ ምን ዓይነት ነው?» ካላችሁ ስብከት ትሰማላችሁ። በቅርቡ የተሳካለትን አንድ ጉዳይ፣ የከሸፈበትንም አንድ ጉዳይ ያውራችሁ፤ እናንተ «ከዚያስ ምን አልክ?» እያላችሁ ተከተሉት። ሁለቱም ወገን እኩል የሚያደርገውን ትታችሁ ጎበዞቹ ብቻ የሚያደርጉትን ያዙ።

በአንድ ዓረፍተ ነገር ከአንድ ተግባር በላይ አይግባ። «ሪፖርት በጊዜው ያቀርባል፣ ጥራቱንም ይጠብቃል» ከተባለ፣ አንዱን ብቻ ለሚያሟላው ምን ሊሞላለት ነው? «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለውም ይውጣ። ሐቀኝነትን ደግሞ በነጥብ አትመዝኑ፤ በሐቀኝነት 2 ያገኘ ገንዘብ ያዥ ለስልጠና ሳይሆን ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ነው የሚቀርበው።

ከመጽደቁ በፊት ሁለት ኃላፊዎች ሳይነጋገሩ ያንኑ 10 ሠራተኛ ይመዝኑ። በ4 እርከን መለኪያ የ2 ነጥብ ልዩነት ያመጣውን ዓረፍተ ነገር እንደገና ጻፉት። የመጀመሪያውን ዓመት ከቦነስ ጋር አታያይዙት፤ ገንዘብ ከገባበት ሁሉም 4 ነው። ለአዲስ ተቀጣሪ ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀናት ስለማይበልጥ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሊታዩ የሚችሉ 2 ወይም 3 ተግባራት ብቻ ምረጡለት፤ በገባ በመጀመሪያው ቀንም በጽሑፍ ይሰጠው።