የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በቤት የሚቀለጥ የእርሳስ አረርና የሌቨር አክሽን ጠመንጃ

ጥያቄ፦ የኮሎራዶ ግዛት ነዋሪ ነኝ። ማርሊን 336 የተባለውን፣ .30-30 ጥይት የሚጎርሰውን ሌቨር አክሽን (ከሥሩ ባለ ማንሻ እየተሳበ የሚጎርስ) ጠመንጃ በሕጋዊ መንገድ ገዝቼ ቅዳሜ ቅዳሜ በተኩስ ሜዳ እለማመዳለሁ። የፋብሪካ ጥይት ስለተወደደብኝ አረሩን ራሴ አቅልጬ፣ ቀለሃውንም ራሴ መሙላት ጀምሬአለሁ። የገዛሁት ፎርማ ግርጌው ደልዳላ የሆነ፣ ጋዝ ቼክ የሚባለውን የመዳብ ቆብ የማይቀበል አረር ነው የሚያወጣው። ጥቂት ከተኮስኩ በኋላ በርሜሉ ውስጡን እርሳስ ይለብሳል፤ በ50 ሜትር ርቀት ላይም አረሮቹ ዒላማው ላይ ይበታተናሉ። አንድ ጓደኛዬ «እርሳሱ ለስልሶብህ ነው፣ ሊኖታይፕ የሚባለውን ጠንካራ የእርሳስ ቅይጥ ቀላቅልበት» ብሎኝ ብቀላቅል ጭራሽ ባሰብኝ። አረሩን በካሊፐር ስለካው 7.82 ሚሊ ሜትር ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጓደኛዎ የሰጡዎት ምክር ብዙ ሰው የሚለው ነው፤ ለእርስዎ ጠመንጃ ግን የሚሠራው ተቃራኒው ነው። በርሜል እርሳስ የሚለብሰው በአብዛኛው አረሩ ስለለሰለሰ ሳይሆን ስለቀጠነ ነው። ባሩዱ ሲቀጣጠል የሚፈጠረው ጋዝ በአረሩና በበርሜሉ ግድግዳ መካከል ክፍተት ካገኘ፣ በዚያ እየሾለከ የአረሩን ጎን ይበላዋል፤ የተበላው እርሳስ ከፊት ባለው ብረት ላይ ይረጫል፤ ተከትሎ የሚመጣው አረር ደግሞ በላዩ ላይ እየዳጠ ያጣብቀዋል። ቅይጡ በመጠኑ ለስላሳ ሲሆን የጋዙ ግፊት የአረሩን ግርጌ አስፍቶ ክፍተቱን ይደፍነዋል። ሊኖታይፕ ግን 12 በመቶ አንቲሞኒና 4 በመቶ ቲን ያለበት፣ በብሪኔል የጥንካሬ መለኪያ 22 አካባቢ የሚደርስ ቅይጥ በመሆኑ፣ ጋዝ ቼክ የሌለው አረር በሚተኮስበት ዝቅተኛ ግፊት አይሰፋም። ቀጭኑ አረርዎ ቅጥነቱ ሳይቀየር ጠነከረ፤ የባሰብዎትም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከቅይጡ በፊት ልኬቱ ይቅደም። 7.82 ሚሊ ሜትር የመዳብ ልባስ ያለው የፋብሪካ አረር ልክ ነው፤ ለባዶ እርሳስ ግን አይበቃም። በተለይ ማርሊን ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዚህ ጠመንጃ ላይ የተጠቀመበት ማይክሮ ግሩቭ የተሰኘው አሠራር በበርሜሉ ውስጥ ብዛት ያላቸውን ነገር ግን ጥልቀት የሌላቸውን ቦዮች የሚያወጣ በመሆኑ፣ አረሩ በትንሹም ቢሆን ከቀጠነ የሚጨብጠው ነገር ያጣል። የእርስዎን በርሜል ትክክለኛ ስፋት ለማወቅ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ደግመው ደጋግመው ያረጋግጡ፤ ከዚያም የማንሻውን ብሎን ፈትተው ማንሻውንና ቦልቱን (ጥይት ቤቱን ከኋላ የሚዘጋውን ተንሸራታች ብረት) ያውጡ። የማርሊን 336 ትልቅ ጥቅም ይህ አንድ ብሎን ከተፈታ ቦልቱ ወደ ኋላ መውጣቱ ነው። ዘይት የተቀባ ንጹሕ የእርሳስ ድብልብል (ለዓሣ ማጥመጃ የሚሸጠው ይሆናል) በአፈሙዙ በኩል አስገብተው፣ በናስ ዘንግ ቀስ እያሉ እየመቱ እስከ ማዶ ያሳልፉት። ድብልብሉ ሲወጣ የበርሜሉ ቦዮች በጎኑ ላይ ታትመው ያገኙታል። ከፍ ከፍ ባሉት ጠርዞች መካከል ያለውን ስፋት በካሊፐር ሳይሆን በማይክሮሜትር ይለኩ፤ እዚህ ላይ የምንነጋገረው ስለ ሚሊ ሜትር መቶኛ ነውና ካሊፐር ያሳስታል። አረርዎ ከተገኘው ልክ ከ0.025 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር መብለጥ አለበት። ለምሳሌ በርሜሉ 7.84 ቢሆን አረሩ 7.87 ወይም 7.88 ይሁን። የተሞላው ጥይት ያለ ግፊያ ጥይት ቤቱ ውስጥ መግባቱንም መሞከር አይርሱ።

ቅይጡን በተመለከተ 20 እጅ እርሳስ በ1 እጅ ቲን፣ ወይም ጎሚስታ ቤት ለጎማ ባላንስ የሚጠቀሙበት ባለ ቅንጥብ እርሳስ ጥቂት ቲን ተጨምሮበት ይበቃል፤ ሁለቱም በብሪኔል ከ10 እስከ 12 ገደማ ናቸው። ዛሬ ብዙው የባላንስ ክብደት ከዚንክ ወይም ከብረት የሚሠራ ስለሆነ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ ዚንክ የሚቀልጠው በ420 ገደማ ነውና፣ ሙቀቱን ከ400 በታች ከያዙት ሳይታይ ያለፈው ዚንክ ከላይ ሲንሳፈፍ ጠልፈው ያወጡታል። አንዴ ከቀለጠ ግን መላውን ማሰሮ ያበላሸዋል።

አሁን ወደ ግርጌው እንምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው እርሱን ነው። የአሜሪካ ተኳሾች ከመቶ ዓመት በላይ ሲያውቁት የኖሩት ነገር አለ፦ ዶክተር ፍራንክሊን ማን የተባሉ ተመራማሪ ሆን ብለው ያበላሿቸውን አረሮች እየተኮሱ ባደረጉት ረጅም ሙከራ፣ የአረር ጫፍ ቢጎዳ አካሄዱ ብዙም እንደማይዛባ፣ ግርጌው ሲጎዳ ግን ከዒላማው እንደሚስት አሳይተዋል። ምክንያቱም አፈሙዙን በመጨረሻ የሚለቀው ግርጌው ነው፤ አንዱ ጠርዙ ከተሸረፈ ጋዙ በዚያ በኩል ቀድሞ ይወጣና አረሩን ወደ ጎን ይገፋዋል። ጋዝ ቼክ ያለው አረር ይህን ጉድለት በመዳብ ቆቡ ይሸፍናል። የእርስዎ አረር መሸፈኛ የለውም።

በአብዛኞቹ ፎርማዎች እርሳሱ የሚፈሰው በአረሩ ግርጌ በኩል ስለሆነ፣ ትርፉን የሚቆርጠው የላይኛው ክዳን ግርጌውን ይሠራዋል ማለት ነው። ክዳኑ ከላላ ጠርዙ ላይ ስስ ክንፍ ያወጣል፤ እርሳሱ ሳይረጋ ከተቆረጠ መሐሉ ይቦደሳል። ከፈሰሰ በኋላ ላዩ ሲደበዝዝ አይተው ጥቂት ሰከንድ ቆይተው ይቁረጡ። ከዚያም እያንዳንዱን አረር በመስኮት ብርሃን አንጻር ይዘው ጠርዙ ዙሪያውን ስለታም መሆኑን ይመልከቱ፤ ጠርዙ የደነዘዘውን ሳይሳሱ ወደ ማሰሮው ይመልሱት። የቀለሃው አፍም በትንሹ ከፈት ማለት አለበት፤ ያለዚያ አረሩ ሲገባ የናሱ ጠርዝ ጎኑንና ግርጌውን እንደ ምላጭ ይልጠዋል። ብዙ ጀማሪ ፎርማውን ሲወቅስ የሚኖረው በዚህች ደረጃ በተፈጠረ ጉዳት ነው።

ፍጥነቱን ደግሞ በሰከንድ ከ350 እስከ 425 ሜትር ባለው ውስጥ ይያዙት። 11 ግራም አረር ያለው የፋብሪካው .30-30 በሰከንድ እስከ 670 ሜትር ይሄዳል፤ ነገር ግን ይህ ጥይት በ1895 ሲወጣ ጀምሮ ለጭስ አልባ ባሩድና ልባስ ላለው አረር የታሰበ ነው። ባዶ እርሳስ የነገሠው ከእርሱ በፊት በነበሩት፣ በ1873ቱ ዊንቸስተር .44-40ና በመሳሰሉት የጥቁር ባሩድ ጥይቶች ዘመን ነበር። የእኛ አባቶች ውጅግራ ያሉት የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃም 25 ግራም የሚመዝን የእርሳስ አረሩን በወረቀት ጠቅልሎ በሰከንድ ወደ 450 ሜትር ያህል ያስፈነጥር ነበር፤ ወረቀቱ እርሳሱን ከብረቱ ይለየው ነበር። በእርስዎ አረር ይህን ሥራ የሚሠራው በጎኑ ቦይ ውስጥ የሚገባው ቅባት ነው። ንብ ሰምና አሎክስ የተባለው ፋብሪካ ሠራሽ ቅባት በእኩል መጠን የተቀላቀሉበት የቆየ ቅባት ለዚህ ፍጥነት ከበቂ በላይ ነው።

የባሩድ መጠን በዚህ ዓምድ አልጽፍም፤ ባሩድ አምራቾች ለእርሳስ አረር ብለው ካሳተሙት ሠንጠረዥ ይውሰዱ፤ ከዝቅተኛው በታችም ከከፍተኛውም በላይ አይሂዱ። አንድ ነገር ግን በጥብቅ አሳስባለሁ። ለዚህ ዓይነት አረር የሚታዘዘው ፈጣን ባሩድ የቀለሃውን ጥቂት ክፍል ብቻ ስለሚይዝ፣ በስህተት ሁለቴ ቢጨመር እንኳ ሞልቶ አይፈስም፤ ያ ጥይት ደግሞ ጠመንጃውን ሊያፈነዳው ይችላል። አረር ከመጫንዎ በፊት በየቀለሃው ውስጥ በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። ተኩሱ የሳሳ ድምፅ ከሰጠዎት ደግሞ ያቁሙና፣ አረሩ በርሜሉ ውስጥ አለመቅረቱን ሳያረጋግጡ ሁለተኛ አይተኩሱ።

ጥያቄ፦ ጫፉ ሹል የሆነ የ.30 ካሊበር ፎርማ በርካሽ አግኝቻለሁ። ለዊንቸስተር 94 ልጠቀምበት እችላለሁ? (ከቴክሳስ)

መልስ፦ አይችሉም። የእርስዎ ጠመንጃ ካዝና ከበርሜሉ ሥር ያለ ቱቦ ነው፤ ጥይቶቹ አንዱ የሌላውን ጀርባ እየነካ ይደረደራሉ። ሹል ጫፍ ከፊቱ ባለው ጥይት ፕራይመር (ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው የቀለሃው ግርጌ ቆብ) ላይ ያርፍና፣ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲመታ ሊለኩሰው ይችላል። ጫፉ ደልደል ያለ ፎርማ ይግዙ፤ በጎኑም ላይ የቀለሃው አፍ የሚታጠፍበት ቦይ ይኑረው። አፉ በዚያ ቦይ ካልተቆነጠጠ የካዝናው ሞላ አረሩን ወደ ቀለሃው ውስጥ ይገፋዋል፤ ግፊቱም ከታሰበው በላይ ይጨምራል። ሆርናዲ በ2006 ለእነዚሁ ጠመንጃዎች ያወጣው ባለ ሹል ጫፍ ጥይት ጫፉ ከተጣጣፊ ፕላስቲክ ስለተሠራ ነው የተፈቀደው፤ እርሳስ እንደዚያ አይተጣጠፍም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጋራዥ ውስጥ እርሳስ ያቀልጣል። የሦስት ዓመት ልጅ አለን። እርሱ «ጭሱ ወደ ቤት አይገባም» ይለኛል፤ እኔ ግን ሥጋት አልለቀቀኝም። ማጋነኔ ነው? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ እህቴ፣ አላጋነኑም። ባለቤትዎ እርሳሱን በ370 ዲግሪ አካባቢ እስካቀለጡት ድረስ ከማሰሮው የሚወጣው የእርሳስ ትነት አነስተኛ መሆኑ እውነት ነው። ልጅን የሚያሰጋው ግን ትነቱ ሳይሆን አቧራው ነው። ከማሰሮው ላይ ተገፍፎ የሚጣለው ግራጫ ዱቄት፣ የተተኮሱ ቀለሃዎች ሲጸዱ የሚቦነው ብናኝ፣ እንዲሁም እርሳስ ካለበት የፕራይመር ቅመም የሚቀረው ጥቀርሻ በእጅ፣ በልብስና በጫማ ሥር ወደ ምንጣፍ ይገባል፤ ሕፃን ደግሞ ምንጣፍ ነክቶ ጣቱን ይጠባል። ስለዚህ ጫማውና የሥራ ልብሱ ጋራዥ ይቅሩ፤ ልብሱ ከልጁ ልብስ ጋር አይታጠብ። ወለሉ በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። ባለቤትዎ ልጁን ከማቀፋቸው በፊት እጃቸውንና ፊታቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ከወጥ ቤት የተወሰደ ድስት ካለ ወደ ወጥ ቤት አይመለስም። ከቀለጠው እርሳስ አጠገብ ውኃ አይኑር፤ ከእርሳሱ በታች የገባች አንዲት ጠብታ ወደ እንፋሎት ተቀይራ ማሰሮውን ሙሉ ፊት ላይ ትበትነዋለች።

ለልጁ ሐኪም ሁኔታውን ነግረው የደም ምርመራ ያሠሩለት፤ ቀላል ምርመራ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ2021 ጀምሮ ክትትል ያስፈልገዋል የሚለው በዴሲሊትር ደም 3.5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ የተገኘበትን ሕፃን ነው።

በደብዳቤዎ ያልጠቀሱትን አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ ቤቶቻችን የእንጀራው ምጣድና የሊጡ ባልዲ የሚቀመጡት እዚያው ጋራዥ ውስጥ ነው። የእናንተም እንደዚያ ከሆነ ምጣዱና የእርሳሱ ማሰሮ በአንድ ክፍል አብረው መኖር አይችሉም፤ ምጣዱን ዛሬውኑ ወደ ቤት ያስገቡት፤ ማሰሮውም ነፋስ ወዳለበት የጓሮ መጠለያ ይውጣ።