ለቪዲዮ ካሽ ሰርቨር ገንዘቡ የት ይዋል?

ጥያቄ፦ ደሴ በሚገኝ ኮሌጅ የኮምፒውተር ላቦራቶሪ ኃላፊ ነኝ። የመምህራኑ የቪዲዮ ትምህርቶች ያሉት አዲስ አበባ ባለው ዋናው ግቢ ሰርቨር ላይ ነው፤ መስመራችን 20 ሜጋቢት በሰከንድ ብቻ ስለሆነ 40 ተማሪዎች አንድ ላይ ሲከፍቱት ይቆማል። ቪዲዮዎቹን እዚሁ የሚይዝልን የካሽ ሰርቨር ለመግዛት ምን ዓይነት ዕቃ ያስፈልጋል? ያለ ቋሚ ባለሙያስ እንዴት ይተዳደራል? ዩቲዩብንም ይይዝልን ይሆን?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልነሣና፣ ዩቲዩብን አይይዝልዎትም። የዩቲዩብ ቪዲዮ በኤችቲቲፒኤስ ተመስጥሮ ስለሚጓዝ መሐል ላይ የተቀመጠ ሰርቨር ምን እንደሚያልፍ ማየት አይችልም፤ ቀድሞ ስኩዊድ በተባለው የካሽ ሶፍትዌር ይሠራ የነበረውም ዛሬ የማይሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። የራሳችሁ ትምህርት ግን አድራሻውም ሰርተፍኬቱም (የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠው ዲጂታል ሰነድ) በእጃችሁ ስለሆነ፣ በግቢው ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ ሰርቨር ቁጥር በሚተረጉመው አገልግሎት) አድራሻውን ወደ አዲሱ ሰርቨር ማዞር ይበቃል።

ባለ 720 ፒ ቪዲዮ በሰከንድ 2.5 ሜጋቢት ያህል ይወስዳል ብንል፣ የአሁኑ መስመራችሁ የሚችለው 8 ተመልካች ብቻ ነው። ለ40 ተማሪ 100 ሜጋቢት ያስፈልጋል፤ ይህን ባለ 1 ጊጋቢት የኔትወርክ ካርድና ስዊች ሳይጨነቁ ይሸከሙታል። የአንድ ሰዓት ትምህርት ከ1.1 ጊጋባይት ጥቂት ስለሚበልጥ፣ ባለ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ (ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ፈጣን ማከማቻ) ከ700 ሰዓት በላይ ይይዝላችኋል።

ሻጮች አስቀድመው የሚያወሩት ስለ ፕሮሰሰር ቢሆንም፣ ይህ ሰርቨር የቪዲዮውን ጥራት ወይም ቅርጽ እስካልቀየረ ድረስ ሥራው ፋይል አንሥቶ መስጠት ብቻ ስለሆነ ባለ 4 ኮር ይበቃዋል። ገንዘቡ ለራምና ለኤስኤስዲ ይዋል። ሊኑክስ ትርፍ ራሙን በቅርቡ ለተነበቡ ፋይሎች ማቆያ ስለሚያደርገው፣ 16 ጊጋባይት ካለ የሳምንቱ ተፈላጊ ትምህርት በአብዛኛው ዲስኩ ሳይነካ ይቀርባል። ሃርድ ዲስክ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን 40 ሰው የተለያየ ቦታ ሲጠይቀው የንባብ ጭንቅላቱ ሲመላለስ ፍጥነቱ ይወርዳል። የተያዘው ነገር ቢጠፋ ከዋናው ግቢ እንደገና ስለሚመጣ ለሬይድ (አንድ ዲስክ ቢበላሽ መረጃው እንዳይጠፋ ዲስኮችን ለማጣመር) የምታወጡትን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ግዙበት፤ በእኔ አስተያየት መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ቅንጦት አይደለም።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ ኡቡንቱ በሚባለው ሊኑክስ ላይ ኢንጂንኤክስ የተባለውን የዌብ ሰርቨርና የካሽ ሶፍትዌር ጫኑ። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናግር ነገር አለ፦ «ኢንአክቲቭ» የሚባለው ቅንብር ካልተነካ 10 ደቂቃ ስለሆነ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ማንም ያልጠየቀው ፋይል ዲስኩ ባዶ ሆኖም ይሰረዛል፤ ወደ 60 ቀን ከፍ አድርጉት። የካሹን ጣሪያ 850 ጊጋባይት ላይ ገድቡ። «ፕሮክሲ ካሽ ሎክ»ንም አብሩ፤ አለዚያ መምህሩ «አሁን ክፈቱ» ባለ ጊዜ አንዱ ፋይል 40 ጊዜ ከአዲስ አበባ ይጠየቃል።

ለዕለት ተዕለት አስተዳደር ኮክፒት የተባለው የሰርቨር መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር በብራውዘር የዲስክ፣ የራምና የኔትወርክ ሁኔታን ስለሚያሳይ ሰልጣኝ ረዳትም ሊከታተለው ይችላል፤ ከበድ ያለውን ሥራ የአዲስ አበባው ባለሙያ በቪፒኤን (ከሩቅ በሚያገናኝ የተመሰጠረ መስመር) ገብቶ ይሠራዋል። የእርስዎ ድርሻ ሎጉ (የሰርቨሩ የሥራ መዝገብ) ላይ «ሂት» (ከካሹ የተሰጠ) እና «ሚስ» (ካሹ ውስጥ ያልተገኘ) የሚሉትን ማነጻጸር ነው። ተማሪዎች አንዱን ትምህርት ደጋግመው እያዩት «ሚስ» ካልቀነሰ፣ የቪዲዮው አድራሻ መጨረሻ ላይ ለየተማሪው የሚለያይ ኮድ ተቀጥሎ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ሰርቨሩ እያንዳንዱን እንደ አዲስ ፋይል ይቆጥረዋል። ኮዱን ከካሹ መለያ ማውጣት ይቻላል፤ ሆኖም የተማሪው የመግቢያ ፈቃድ በሌላ መንገድ መፈተሹን ሳታረጋግጡ እንዳታወጡት።