ጀንደር ተምሬ ምን ልሁን ላልሽኝ ልጅ

ባለፈው ሳምንት የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ደውላ «እትዬ፣ ጀንደር ስተዲስ ልገባ ነው፣ እቤት ግን ሴቶች ጉዳይ ቢሮ ቁጭ ብለሽ ማርች 8 ልታከብሪ ነው ወይ እያሉኝ ነው፣ እርስዎ ምን ይሉኛል» አለችኝ። ጀንደር የሚሉት የሥርዓተ ጾታ ትምህርቱን ነው። አጠር አድርጌ መለስኩላትና ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር ተነሳብኝ። እሷን የመሰሉ ብዙ ልጆች ይህንኑ ስለሚጠይቁ ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

ነገሩ የሆነው በ1996 ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ነው። ያኔ በአማራ ክልል የመሬት ምዝገባው ከተጀመረ ብዙም አልቆየም፣ ገበሬው የይዞታ ደብተር የሚያገኝበት ማለት ነው፣ እና ትልቁ አዲስ ነገር ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም መጻፉ፣ የሁለቱም ፎቶ መለጠፉ ነበር። ዛሬ ለናንተ ምንም ላይመስላችሁ ይችላል፣ ግን አስቡት፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ነበር የሚያየው፣ እሱ የቀረው የቤተሰብ ሕጉ በ1992 ሲሻሻል ነው፣ ከዚያ በአራት ዓመቱ አንዲት የገጠር ሴት ፎቶዋ ከባሏ ፎቶ ጎን መሬቱ ደብተር ላይ ተለጥፎ ስታይ ምን እንደሚሰማት ቆሜ አይቻለሁ። አንዳንዶቹ በሕይወታቸው ፎቶ ተነስተው አያውቁም። ፎቶ አንሺው ከከተማ መጥቶ ነጭ ጨርቅ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሲያነሳ አንዲት ንጹሕ ነጠላ ነበረች፣ የማን እንደሆነች አላውቅም፣ አንዷ ተነስታ ስትጨርስ ታወልቅና ለቀጣይዋ ትሰጣለች፣ እንዲህ እየተቀባበሉ የቀበሌው ሴት ሁሉ በዛች ነጠላ ነው የተነሳው። ዛሬ ደብተሮቹን ብትደረድሯቸው ያችን ነጠላ ሁሉም ላይ ታገኟታላችሁ።

እኔ በሶሺዮሎጂ ተመርቄ ሥራ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፣ ከቡድኑ ጋር የሄድኩት የሴቶች ጉዳይ ፎካል ፐርሰን፣ ተጠሪ እንደማለት ነው፣ ተብዬ ነው። ፎካል ፐርሰን ሲባል ስልጠና የወሰደ ሰው እንዳይመስላችሁ፣ ሴት ስለሆንኩ ነው የተሰጠኝ።

ኮሚቴው ሾላ ሥር ተቀምጦ ገበሬው በተራ እየቀረበ ይመዘገባል። አንድ ጠና ያሉ ሰውዬ ቀረቡና ባለቤት አለዎት ወይ ሲባሉ «የለኝም» አሉ። ኮሚቴው ዝም አለ፣ ጎረቤቱም ዝም አለ፣ ጸሐፊው ያላገባ ብሎ ጻፈና ወደሚቀጥለው አለፈ። እኔ ግን ጠዋት እኚሁ ሰውዬ ቤት ነበርኩ፣ ቆሎና ውሃ ያቀረበችልን ሴትዮ ልጆቿን ስትጣራ ሰምቻለሁ፣ ልጆቹ ደግሞ ሰውየውን አባባ ነው የሚሉት። ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ሄድኩና አገኘኋት፣ ደጅ ጌሾ እያሰጣች ነበር። እናቴ፣ እርስዎ ለምን አልተመዘገቡም አልኳት።

«እኔኮ በደመወዝ ነው የገባሁት» አለችኝ።

የጎጃምን ባህል ለማታውቁ፣ በሰማንያ አለ፣ በቁርባን አለ፣ በደመወዝ የሚባልም ነበረ፣ ሴቲቱ በዓመት ይህን ያህል እህልና ገንዘብ ተቆርጦላት ከሰውየው ጋር የምትኖርበት ነው። እሷ ወጣት ሆና ከቆላ መጥታ በዚህ ገባች። ደመወዙ ስንት ዓመት ተከፈለሽ ስላት «ልጅ እስክወልድ ነዋ፣ የልጁን እናት ማን ደመወዝ ይከፍላታል» አለችኝ። አራት ወልዳለች። አርማለች፣ አጭዳለች፣ ፍግ በጀርባዋ ተሸክማ ያንን መሬት ያለመለመችው እሷ ናት። ከሁሉ ያቃጠለኝ ደግሞ የነገረችኝ አንድ ነገር ነው፣ በ1989 የመሬት ሽግሽግ ጊዜ ቤተሰብ ሲቆጠር እሷም ተቆጥራ ነበር አሉ፣ ሰውየው ብዙ አፍ አለብኝ ብለው ሲከራከሩ ከአፎቹ አንዱ የሷ ነበር። መሬት ሲጠየቅባት ቤተሰብ ነበረች፣ መሬት ሲጻፍ ግን የለችም።

ወደ ቡድን መሪያችን ሄድኩ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ይህን አጥብቄ ነው የምናገረው፣ ጎበዝና ለገበሬው የሚያስብ ሰው ነው። ፎርሙን አውጥቶ አሳየኝ፣ ያገባ፣ ያላገባ፣ የፈታ፣ የሞተበት። «የት ላስገባት? አንቺ ንገሪኝ» አለኝ። የሚነግረው ነገር አልነበረኝም። ግፍ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ግፍ ነው ማለት ለፎርም መልስ አይሆንም። ለካስ በዚያው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ውስጥ ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው ስለሚኖሩ ሰዎች ራሱን የቻለ ክፍል አለ፣ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ አብረው ከኖሩ ያፈሩት ንብረት የጋራ ነው ይላል። ክልሉም እኛ ለምዝገባው ከመሄዳችን ቀደም ብሎ በ1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቶ ነበር። መሬት ደግሞ የራሱ አዋጅ ስላለው ነገሩ እንዲህ በአንድ አንቀጽ የሚያልቅ አይደለም፣ ይህንንም አውቃለሁ፣ ግን ቢያንስ «ያላገባ» የሚለው ላይ እርሳስ እንዳታሳርፍ፣ አንድ መስመር ጨምርና ሽማግሌዎቹን ጠይቅ የምልበት እግር ይኖረኝ ነበር። እኔም እሱም አላወቅነውም እንጂ ሕጉ ነበረ። በማግስቱ ወደሚቀጥለው ቀበሌ ሄድን።

ሰውየው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞቱ። የሰማሁት ከአካባቢው ልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነው፣ የወንድማቸው ልጅ ደብተሩን ይዞ መጣ፣ ልጆቹ ተከራክረው ከፊሉን አስቀሩ፣ እሷ ግን ደብረ ማርቆስ ሴት ልጇ ጋር ገብታ ለሰው እንጀራ ትጋግራለች አለኝ። ያለመለመችው መሬት ላይ አንድ ጥማድ በስሟ ሳይኖራት። ይኼ ነው ቁጭቴ።

እንግዲህ ልጄ፣ ጀንደር ምን ያደርጋል ስትይኝ እኔ የማስበው ያንን ፎርም ነው። ፎርሙን ያዘጋጀው ሰው ሴቶችን ሊበድል ብሎ አልተቀመጠም፣ እንዲያውም የሚስት ፎቶ ያስገባ ሰው ነው። ግን የሚያውቀው አንድ ዓይነት ትዳር ብቻ ነው። ይህ ትምህርት ከመጻሕፍቱ ሁሉ በላይ የሚያስተምረው ማን ሳይቆጠር እንደቀረ ማየትን ነው። በ2005 ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ በአገራችን የመጀመሪያውን የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ሲሠራ ሰው ሃያ አራት ሰዓቱን በምን በምን እንዳሳለፈ አንድ በአንድ ነው የጠየቀው። ሥራ አለሽ ወይ ብለሽ ብትጠይቂያት «ቤት ነኝ» የምትልሽ ሴት፣ ከንጋት ጀምሮ ምን ሠራሽ ስትያት ውሃ፣ እንጨት፣ ወፍጮ፣ ከብት እያለች ትቆጥርልሻለች። ጥያቄው ሲቀየር አገሩ ይቀየራል። በ2008ቱ የጤናና ሥነ ሕዝብ ጥናትም ከ25 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ግማሾቹ ከ17.1 ዓመታቸው በፊት ያገቡ ናቸው፣ ሕጉ 18 ካለ ደግሞ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖታል። እርግጥ ከነሱ ውስጥ ሕጉ ሳይሻሻል ያገቡም ብዙ ናቸው፣ እንዲህ ያለውን ነገር ለይቶ ማንበብ ነው እንግዲህ ትምህርቱ።

የምመክርሽን ልንገርሽ። በመጀመሪያ ዲግሪ ጀንደርን ባትይዢው እመርጣለሁ። ባሕር ዳርን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣሉ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በማስተርስ ያስተምራል፣ እኔ ብሆን መጀመሪያ ሕግ፣ ስታቲስቲክስ ወይ ኢኮኖሚክስ ይዤ ጀንደሩን በሁለተኛው አመጣዋለሁ። እጅሽ ላይ የሚጨበጥ ነገር ይኑርሽ። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያን ያህል የሠራው ሕግ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሴቶች ስለነበሩት ነው። አበራሽ በቀለ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆና ተጠልፋ ጠላፊዋን ስትገድል ራሷን ስትከላከል ነው ብለው ተሟግተው ነጻ አስወጧት። ያኔ የነበረው የወንጀል ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ቅጣቱን የሚያስቀር ነበር፣ እሱ የተነሳው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። ያንን ጊዜ አስታውሳለሁ፣ እናቴ በሕይወት ነበረች፣ እሷም ተጠልፋ ያገባች ናት፣ ስለ አበራሽ ሲወራ ሰምታ ምንም ሳትል ተነስታ ጓዳ ገባች። ከዚያ በፊትም በኋላም ስለ ጠለፋዋ አውርታልኝ አታውቅም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሥራ ትላላችሁ፣ ሥራው አለ ግን ይዋዥቃል። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ በሴቶች መብት ላይ የሚሠራ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከአሥር በመቶ እንዳይበልጥ ሲል ስንት ጎበዝ ባለሙያ ቤቱ ገባ፣ በ2011 አዋጁ ተቀየረ፣ አሁን ደግሞ የእርዳታ ገንዘብ ሲነፍስ ሲቆም የሚነቃነቅ ሥራ ሆኗል። ሆቴል ውስጥ ሁለት ቀን ሠልጥኖ አበል ተቀብሎ መመለስን ሥራ አድርጋችሁ እንዳትይዙት ብቻ እለምናችኋለሁ።

የዘመኑ ልጆች ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ልናገረው። ፓትሪያርኪ፣ የወንድ የበላይነት፣ የሚለውን ቃል ከቲክቶክ ታውቃላችሁ፣ አያታችሁ ግን ስንት ሰዓት እንደምትነሳ አታውቁም። ወሎ ሄዳችሁ የወሎ ሴትን ሳትሰሙ በቪዲዮ ትከራከራላችሁ። በሌላ በኩል ደግሞ እኛ በናንተ ዕድሜ አለቃችን የማይሆን ነገር ሲናገረን አቀርቅረን ነበር የምናልፈው፣ እናንተ አታልፉም፣ ይህን ሳይ ደስ ይለኛል፣ በዚህ እንድትቀየሩ አልፈልግም። ወንድ ልጆችም ግቡበት። ያን ቀን ሾላ ሥር የተቀመጠው ኮሚቴ አብዛኛው ወንድ ነበር፣ አንዱ እንኳን ቢያውቅ ኖሮ እኔ ከምናገረው ይልቅ እሱ ቢናገር ይሰማ ነበር፣ ያሳዝናል ግን እውነት ነው።

ማንበብ፣ እንግሊዝኛ ማሻሻል፣ እነዚህን አልነግራችሁም፣ ታውቋቸዋላችሁ። ቋንቋ ግን ጨምሩ፣ ኦሮምኛ ወይ ትግርኛ ወይ ሶማልኛ፣ በአስተርጓሚ የተጠየቀች ሴት ግማሹን ለራሷ ነው የምታስቀረው።

አሁን ይህን ስጽፍ ሳስበው፣ ልጄ፣ ከላይ በመጀመሪያ ዲግሪ አትያዢው ያልኩሽን እርግጠኛ አይደለሁም። በ1996 ሃያ ምናምን ዓመት የሆናት በዚህ ትምህርት የተመረቀች ልጅ አጠገቤ ብትኖር ቡድን መሪው «የት ላስገባት» ሲል እሷ መልስ ይኖራት ነበር፣ ሕጉን እንኳ ባታውቅ ጥያቄው ራሱ እንደተሳሳተ ትነግረው ነበር። ስለዚህ ልብሽ እዛ ከሆነ ግቢ። ለአባትሽ እኔ እደውልላቸዋለሁ። አንቺ ግን ፎርሙን ከመሙላትሽ በፊት ዲፓርትመንቱ ሄደሽ ሁለት ነገር ጠይቂልኝ፣ ስታቲስቲክስ ስንት ኮርስ ይሰጣሉ፣ ተማሪውን ፊልድ ይዘው ይወጣሉ ወይ፣ ከወጡስ ስንት ቀን ያድራሉ። መልሱን ይዘሽ ቅዳሜ ነይ፣ ቤት ነኝ።