አቦሉን አትድፉት፦ ቪዲዮና ድምፅ ለምትለውጡ ልጆች

ብዙ ጊዜ አንድ ልጅ ፍላሽ ይዞ ስቱዲዮዬ ይመጣል። «ጋሼ፣ ይቺን ቪዲዮ ኮንቨርት ያድርጉልኝ» ይለኛል። «ወደ ምን?» ስለው «ወደ ኤምፒ4» ይላል። «ለምን?» ስለው ግን ዝም ነው። አንዳንዱ ከኢንተርኔት ባገኘው ፕሮግራም ሁሉ ሦስት አራት ጊዜ ለዋውጦት፣ ዋናውን ደግሞ «ቦታ ያዘብኝ» ብሎ አጥፍቶት ነው የሚመጣው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። ስለዚህ ለአንድ ለአንዱ ቆሜ የማወራውን ዛሬ ቁጭ ብዬ ለሁላችሁም ልጻፈው።

ሥራውን የጀመርኩት በ1988 ዓ.ም. ነው። ፒያሳ አካባቢ ሰርግ የሚቀርፅ አንድ ቤት ነበር፣ እዚያ ኬብል እየጎተትኩ ጀመርኩ። ዘመኑ የቪኤችኤስ ነው። ኤዲት ማድረግ ማለት ሁለት ዴክ ጎን ለጎን አስቀምጦ በአንዱ እያጫወቱ በሌላው መቅዳት ነበር። ቅጂው ከዋናው ይደበዝዛል። የቅጂው ቅጂ ላይ የሙሽሪት ዓይን ከቅንድቧ አይለይም። ማንም አላስተማረንም፣ በዓይናችን እያየን ተማርነው። እናንተ ኮምፒውተር ላይ ስለጀመራችሁ ይህን አላያችሁም። ፋይል ኮፒ ስታደርጉ ያው ራሱ ነው የሚወጣው፣ ምንም አይጎድልበትም። ታዲያ ኮንቨርት ማድረግም እንደዚያ ይመስላችኋል። አይደለም።

ኮንቨርት ማድረግን እንደ ቡና እዩት። አቦል አለ፣ ቶና አለ፣ በረካ አለ። ጀበናው ያው ነው፣ ቡናው ያው ነው፣ ግን ውሃ በተጨመረበት ቁጥር ይቀጥናል። ካሜራው ወይም ስልኩ የሰጣችሁ ፋይል አቦል ነው። እሱን ስትለውጡት ቶና ታገኛላችሁ፣ ቶናውን መልሳችሁ ስትለውጡት በረካ። የድምፁ መጨመቂያ ኤምፒ3ም ሆነ የምስሉ መጨመቂያ ኤች.264 ፋይል የሚያሳንሱት ጆሮና ዓይን ብዙም አያስተውለውም የሚሉትን እየጣሉ ነው። የተጣለው ደግሞ አይመለስም። በሰከንድ 128 ኪሎቢት የሚይዝ ኤምፒ3 ወደ 320 ብትለውጡት ፋይሉ ይወፍራል እንጂ ድምፁ አይጠራም፤ በረካውን በትልቅ ሲኒ መቅዳት ነው።

አንድ ልጅ ሲዲ ሊያሳትም ሥራውን በዋቭ፣ ማለትም ሳይጨመቅ በሚቀመጥ የድምፅ ፋይል አመጣልኝ። መጠኑ ልክ ነው፣ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ፣ ዋቭ እንደዚያ ነው። ኦዳሲቲ የሚባል የድምፅ ፕሮግራም ላይ አስገብቼ በስፔክትሮግራም፣ ማለትም ድምፁን ከወፍራም እስከ ቀጭን ዘርግቶ በሚያሳየው ሥዕል ሳየው ግን ከ16 ኪሎኸርትዝ በላይ ያለው ቀጭኑ ድምፅ ባዶ ነው፣ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ከኤምፒ3 ተመልሶ ወደ ዋቭ የተለወጠ ነበር። ልጁ አላታለለኝም፣ አያውቅም ነበር እንጂ። ዋናውን ፈልግ አልኩት። ያቀናበረለት ሰው ኮምፒውተሩን ፎርማት አድርጎታል። ያን ቀን የልጁን ፊት ማየት ከበደኝ።

እኔም ያጠፋሁት ጥፋት አለ፣ ልንገራችሁ። በ1996 ዓ.ም. አንድ ሰርግ ቀረፅኩ። በሚኒ ዲቪ፣ በትንሿ ዲጂታል ካሴት ነበር፣ ለጊዜው ትልቅ ጥራት ነው። ያኔ ሰው ሁሉ የሚፈልገው ቪሲዲ፣ ቪዲዮ የሚጫንበት ሲዲ ስለሆነ ኤዲት አድርጌ በቪሲዲ ሰጠኋቸው። ቪሲዲ ማለት በእኛ ሲስተም ወርዱ 352፣ ቁመቱ 288 ነጥብ የሆነ ምስል ነው። የዛሬ ስልክ ላይ ብትከፍቱት ስክሪኑን እንኳን አይሞላም። የዲቪ ፋይሉ በሰዓት ወደ 13 ጊጋባይት ይይዛል፣ የኔ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ያኔ ትንሽ ነበር፣ አጠፋሁት። ካሴቱ ውድ ነው ብዬ ሌላ ሰርግ ቀረፅኩበት። ከብዙ ዓመት በኋላ የሙሽሮቹ ልጅ ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደወለችልኝ። እናቷ አርፋለች። አያቷም ቀድመው አርፈዋል። አያቷ በሰርጉ ዕለት ሲመርቁ የተቀረፀውን በትልቅ ስክሪን ለቤተሰቡ ማሳየት ፈልጋ «ኦሪጅናሉ አለ ወይ?» አለችኝ። የለም ማለት ነበረብኝ። የልጅቷን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ አብዛኛው ልጅ የሚስተውን አንድ ነገር ላስረዳ። ኤምፒ4፣ ኤምኬቪ፣ ሞቭ የምትሏቸው ፎርማቶች ሞሰቦች ናቸው። እንጀራውና ወጡ ውስጥ ያለው ነው፣ ማለትም ምስሉ በኤች.264 ወይም በኤች.265፣ ድምፁ በኤኤሲ ወይም በሌላ ተጨምቆ የተቀመጠው። እሱን ኮዴክ እንለዋለን። «ይሄ ቪዲዮ ቲቪው ላይ አይከፍትም» ስትሉ ችግሩ ሞሰቡ ነው ወይስ ወጡ? ይህን ሳታውቁ ኮንቨርት አትበሉ። ሚዲያኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ፋይሉን ጎትታችሁ ስትጥሉበት ሁሉን ነገር ይዘረዝርላችኋል፤ ኮዴኩን፣ ቢትሬቱን (በሰከንድ ስንት ኪሎቢት እንደሚይዝ)፣ በሰከንድ ስንት ፍሬም ወይም ነጠላ ምስል እንዳለው። ከነገርኳችሁ ሁሉ አንድ ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይቺን ያዙ፦ መጀመሪያ እዩ።

ችግሩ ሞሰቡ ከሆነ ምግቡን እንደገና ማብሰል አያስፈልግም። ወደ ሌላ ሞሰብ ታዛውሩታላችሁ፣ አለቀ። ይህን ሪማክስ ይሉታል። ከጥራቱ ምንም አይጎድልም፣ የሁለት ሰዓት ፊልም በሰከንዶች ወይም ቢበዛ በደቂቃዎች ያልቃል፣ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ የሚያደርገው ኮፒ ብቻ ነው። ሎስለስካት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ይሠራል፤ ቪዲዮም ሳያበላሽ ይቆርጣል፣ ብቻ ሲቆርጥ የሚጀምረው ሙሉ ፍሬም ካለበት ቦታ ስለሆነ እናንተ ካላችሁት ትንሽ ቀደም ሊል ይችላል። ከሱ ሥር የሚሠራው ኤፍኤፍኤምፔግ ነው። ፋብሪስ ቤላር የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው ነው፣ ዛሬ ከምትጠቀሙባቸው የመለወጫ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ውስጥ እሱ አለ። ትእዛዝ እየጻፉ ነው የሚያሠሩት፣ ጥቁር መስኮት ያስፈራል፣ ግን አንድ ሳምንት ታገሉት። እኔ ዕድሜዬ ከገፋ በኋላ ነው የተማርኩት፣ እናንተማ አያቅታችሁም። አንድ ፎልደር ሙሉ ፋይል በአንድ መስመር ትእዛዝ ሲያልቅላችሁ ድካማችሁን ትረሱታላችሁ።

እንደገና ማብሰል፣ ማለትም እንደገና መጨመቅ ግድ ሲሆን ደግሞ ሃንድብሬክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃችኋል። እዚያ ላይ አርኤፍ የምትባል ቁጥር አለች። ቁጥሯ ስታንስ ጥራቱ ይጨምራል፣ ፋይሉም ይተልቃል። ለ1080 ቪዲዮ ከ20 እስከ 24 ባለው ውስጥ ሞክሩ፣ መጀመሪያ ግን አንዲት ደቂቃ ብቻ ለውጣችሁ ጭፈራው ላይ፣ ሰው የሚንቀሳቀስበት ቦታ ላይ እዩት። ፊት ለፊት ቆሞ የሚያወራ ሰው ሁልጊዜ ጥሩ ሆኖ ይወጣል፣ እስክስታው ላይ ነው የሚጋለጠው።

የስልክ ቪዲዮ የራሱ ጣጣ አለው። ካሜራ በሰከንድ 25 ፍሬም ካላችሁት 25 ይሰጣል። ስልክ ግን እንደ ብርሃኑ ሁኔታ አንዴ 30፣ አንዴ 24 እያለ ይዋዥቃል። ታይምላይን ላይ ስታስገቡት መጀመሪያ ልክ ይሆንና ወደ መጨረሻው ድምፁ ከከንፈር ይለያያል። ልጆች ይህን በእጅ እየቆራረጡ ሌሊቱን ሲያድሩበት አይቻለሁ። ከኤዲት በፊት ሃንድብሬክ ላይ «ኮንስታንት ፍሬምሬት» የሚለውን መርጣችሁ አንዴ ለውጡት፣ አርኤፉን ዝቅ አድርጉት፣ ይስተካከላል። እዚህ ላይ መለወጥ ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም ለምን እንደለወጣችሁ ታውቃላችሁ። ደግሞ የኛ አገር መብራት 50 ኸርትዝ ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ስትቀርፁ 25 ፍሬም ከ50ኛ ሰከንድ ሸተር ጋር ብታደርጉ የመብራቱ ብልጭ ድርግም ይቀንስላችኋል። ይህን በኤዲት አስተካክላለሁ ብሎ መድከም ዋጋ ያስከፍላል።

መብራት ካነሳሁ አይቀር፣ ስለ መጥፋቱም ላውራ። ኦቢኤስ ላይ ስክሪን ወይም ፕሮግራም የምትቀዱ ልጆች በኤምኬቪ ቅዱ። ተራው ኤምፒ4 የፋይሉን ማውጫ የሚጽፈው ቀረፃው ሲዘጋ ነው። መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ማውጫው አልተጻፈም፣ ሦስት ሰዓት የቀዳችሁት አልከፍት ይላል። ኤምኬቪ ግን እስከጠፋበት ደቂቃ ድረስ ያለውን ያተርፍላችኋል። ከዚያ እዚያው ኦቢኤስ ውስጥ ሪማክስ የሚል አለ፣ ወደ ኤምፒ4 ታዛውሩታላችሁ። ለእኛ ከተማ ይቺ ትልቅ ነገር ናት።

የአማርኛ ጽሑፍ ከቪዲዮ ሥር የምታስገቡም አላችሁ። የኤስአርቲ ፋይሉን በዩቲኤፍ 8 ሴቭ አድርጉት። አለበለዚያ ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመጣል። የድሮ ጽሑፍ ከሰው ተቀብላችሁ ስትከፍቱት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ከሆነባችሁ ፋይሉ አልተበላሸም፤ ዩኒኮድ (የየቋንቋውን ፊደል በአንድ የጋራ ቁጥር የሚለይ ሥርዓት) ባልሆኑ የግዕዝ ፎንቶች ዘመን የተጻፈ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ቢሮ በድሮው ፎንት ሲጽፍ ቆይቷል።

ስለ ፕሮግራም አመራረጥ አጭር ነገር ልበል። ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እያዞራችሁ አትጫኑ። የደንበኛ ፋይል ያለበት ኮምፒውተር ነው። ቫይረስ ገብቶ የሰው ሰርግ ቢቆልፍባችሁ በምን አፍ ነው የምታስረዱት? ነፃዎቹ ይበቃሉ፤ ኦዳሲቲ ለድምፅ፣ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃው ለቪዲዮ፣ ቪኤልሲ ለማየት። ነፃ ነው ብላችሁ ደግሞ ከየትም አታውርዱ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 የሃንድብሬክ አንዱ የማውረጃ ሰርቨር ተሰብሮ ለጥቂት ቀናት የማክ ተጠቃሚዎች ፕሮግራሙን ከነሰላዩ ሲያወርዱ ነበር። የራሱ ሰርቨር ላይ እንዲህ ከሆነ፣ «ነፃ ኮንቨርተር» ብላችሁ ፈልጋችሁ ከምታገኙት ከማይታወቅ ገጽ ምን ሊመጣ እንደሚችል አስቡት።

ቴሌግራም ላይ ለደንበኛ ስትልኩ በፋይል መልኩ ላኩት፣ እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት እሱ ራሱ እንደገና ይጨምቀዋል። ስንት ሌሊት ለፍታችሁ ያወጣችሁት ሥራ ዱባይ ላለችው እህት በረካ ሆኖ ይደርሳታል።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ነገር ላይ ደረስኩ። ቤታችሁ ውስጥ፣ ቁምሳጥን ላይ፣ አልጋ ሥር፣ ቪኤችኤስና የቴፕ ካሴት አለ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባላል። ካሴቱ እርጥበት እየጠጣ ይሻግታል፣ ማጫወቻውም እየጠፋ ነው፣ የሚጠግነውም ሰው እያረጀ ነው። የድምፅ ካሴት ከሆነ ከቴፑ መውጫ ወደ ኮምፒውተሩ ላይን ኢን ኬብል ሰክታችሁ ኦዳሲቲ ላይ ቅዱት። ከፍተኛው ድምፅ ዜሮን እንዳይነካ፣ ከሱ በታች 6 ዴሲቤል ያህል ክፍት ተዉለት። በዋቭ አስቀምጡት። ሹሹታውን ለማጥፋት አትቸኩሉ፣ ብዙ ባጠፋችሁ ቁጥር የሰውየው ድምፅ ከውሃ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ያልተነካው ዋቭ ይቀመጥ፣ በቅጂው ላይ የፈለጋችሁትን ሥሩ። ቪኤችኤስም ላይ እንደዚሁ፤ ምስሉ በሁለት ግማሽ የተሰፋ ስለሆነ ሰው ሲንቀሳቀስ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለ መስመር ታያላችሁ። ለማየት በምታወጡት ቅጂ ላይ ዲኢንተርሌስ አድርጉ፣ ዋናው ላይ አይሆንም። ሃርድ ዲስክ ግዙ፣ ሁለት ግዙ፣ አንዱ ሌላ ዘመድ ቤት ይቀመጥ።

ያቺ ልጅ፣ የሲልቨር ስፕሪንጓ፣ ቪሲዲው ቤታቸው ነበረ። ሌላ ሰው ሁለት ጊዜ ለውጦላት የላከችልኝ ኤምፒ4 ጭጋግ ነበር። ዲስኩን ራሱን ላኪልኝ አልኳት። ለአዲስ አመት በሚመጣ ዘመድ ላከችው። ዲስኩ ላይ ያለውን የዳት ፋይል እንዳለ ገለበጥኩት፣ ምስሉ ያው ትንሽ ነው፣ ላሳድገው ብልም ፊት አይፈጠርም። ድምፁ ግን ሌላ ነገር ነበር። ቪሲዲ ምስሉን ቢያሳንስም ለድምፁ 224 ኪሎቢት ይሰጠዋል። ሳልነካው ለብቻ አወጣሁት። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው «ውለዱ፣ ክበዱ» ሲሉ፣ ሰዉ «አሜን» ሲል፣ ከኋላ አንዲት ሴት ስታለቅስ ሁሉ ይሰማል። ልጅቷ ያንን ድምፅ ከአንድ የድሮ የአያቷ ፎቶ ጋር አድርጋ ለቤተሰቡ አሰማችው። የምታለቅሰዋ ሴት እናቷ መሆኗን በሳሏ ያወቋት አክስቷ ናቸው።